ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን፦ የኩላሊት ሕክምና ከአገራቸው ያራቃቸው ባለቅኔ

በአርሲ ዞን የምትገኘው የበቆጂ ከተማ ስሟ ሲነሣ በብዙዎች አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው ሩጫ ነው። ደራርቱ ቱሉን፣ ፋጡማ ሮባን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን የመሳሰሉ የኦሊምፒክ ባለድሎች ከከተማዋና ከአካባቢዋ የወጡ ናቸው። ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኘው ይህች ከተማ የጤናማ ሳንባና የጠንካራ እግር ምሳሌ ተደርጋ ትጠቀሳለች።

ይሁን እንጂ የበቆጂ ነዋሪም እንደ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ ይታመማል። ኩላሊቱ ሥራውን ያቆመበት አንድ የከተማዋ ነዋሪ ልዩ ሐኪም ለማግኘት በቅድሚያ 56 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አሰላ መድረስ፣ ከዚያም እንደ ሕመሙ ደረጃ ወደ አዳማ ወይም 175 ኪሎ ሜትር ወደምትርቀው አዲስ አበባ መቀጠል ሊኖርበት ይችላል። መንገዱ ረጅም፣ ወጪውም ከባድ ነው። ሆኖም መንገዱ የሚያበቃው በአገር ውስጥ ነው።

ከአንድ ትውልድ በፊት ግን ይህ አልነበረም። በ1990 ዓ.ም. ኩላሊቱ የደከመ ኢትዮጵያዊ፣ ከየትኛውም የአገሪቱ ክፍል ቢነሣ፣ ዘላቂ ሕክምና የሚያገኘው ድንበር ከተሻገረ ብቻ ነበር። ለዚህ እውነታ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው ምስክር በዚያው ዓመት ለኩላሊት ሕክምና ወደ ኒውዮርክ ሄደው፣ ከስምንት ዓመታት በኋላ በዚያው ሕይወታቸው ያለፈው ታላቁ ባለቅኔና ጸሐፌ ተውኔት ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ናቸው።

ጸጋዬ ገብረ መድኅን ቀዌሳ ነሐሴ 11 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 120 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በአምቦ አቅራቢያ፣ ቦዳ በተባለ ቦታ ተወለዱ። ዘመኑ የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባን ከያዘ ጥቂት ወራት ብቻ የተቆጠሩበት፣ አርበኞች በየዱሩ የገቡበት ጊዜ ነበር። ጸጋዬ ከመወለዳቸው 19 ቀናት አስቀድሞ፣ ሐምሌ 22 ቀን፣ አቡነ ጴጥሮስ በአዲስ አበባ አደባባይ በጥይት ተደብድበው ተገድለዋል። ሕፃኑ አድጎ የእኒህን ሰማዕት የመጨረሻ ሰዓት በቅኔና በተውኔት የሚያቆም ደራሲ ይሆናል ብሎ በወቅቱ የገመተ አልነበረም።

አባታቸው አቶ ገብረ መድኅን ሮባ ከኦሮሞ ወገን ሲሆኑ እናታቸው ወይዘሮ ፈለቀች ዳኜ የአንኮበር ተወላጅ አማራ ነበሩ። በመሆኑም ጸጋዬ ከልጅነታቸው ጀምሮ ኦሮምኛንና አማርኛን አጣምረው ተናገሩ። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ደግሞ ግዕዝንና የቅኔን መንገድ ቀሰሙ። በኋላ ዘመን የጻፏቸው ሥራዎች የኦሮሞን የኦዳ ሥርና የግዕዝን ቅኔ በአንድ ገበታ ለማቅረብ የቻሉት መሠረታቸው በዚህ ቤት ውስጥ ስለተጣለ ነው።

የዘመናዊ ትምህርታቸውን በአምቦ የጀመሩት ጸጋዬ ገና በታዳጊነት ዕድሜያቸው ስለ ንጉሥ ዲዮኒሲዮስ የሚተርክ ተውኔት ጽፈው በትምህርት ቤታቸው ለመድረክ አብቅተዋል። ተውኔቱን ከተመለከቱት መካከል አፄ ኃይለ ሥላሴ ይገኙበት ነበር። ከዚህ በኋላ ወደ አዲስ አበባ በመምጣት በጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤትና በንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ተምረዋል። ከዚህም ሌላ በቺካጎ ከሚገኘው የብላክስቶን የሕግ ትምህርት ቤት በተልእኮ ትምህርታቸውን ተከታትለው እ.አ.አ. በ1959 በሕግ ተመርቀዋል።

የሕግ ሙያ ግን አላስቀራቸውም። በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት የነፃ ትምህርት ዕድል ወደ አውሮፓ ተጉዘው በለንደን የሮያል ኮርትን፣ በፓሪስ ደግሞ የኮሜዲ ፍራንሴዝን የቴአትር አሠራር አጠኑ። ሲመለሱም በዚያን ጊዜ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ይባል በነበረው፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በሚባለው ተቋም ተመድበው ለአሥር ዓመታት ገደማ በኃላፊነት ሠርተዋል።

የኢትዮጵያ ቴአትር እስከዚያ ዘመን ድረስ በአብዛኛው የመሳፍንትን ታሪክ፣ የሃይማኖት ምሳሌንና ምክርን የሚያቀርብ ነበር። ጸጋዬ ወደ መድረክ ያመጡት ግን በየሰፈሩ የሚኖረውን ተራ ሰው ነበር። ጫማ ጠራጊውን፣ ሥራ ፈላጊውን፣ ከገጠር ወጥቶ በከተማ የሚንገላታውን ወጣት፣ የድሀ ቤት ልጆችን ተመልካች ራሱን እስኪያይባቸው ድረስ አቀረቧቸው። በ1950ዎቹ የታየው የከርሞ ሰው የተሰኘው ተውኔታቸው ለዚህ አቀራረብ ዋነኛ ማሳያ ሆኖ ይጠቀሳል።

ከውጭ ደራስያንም የሼክስፒርን ኦቴሎና ሐምሌትን ወደ አማርኛ መልሰዋል፤ ከሞልየርም ተርጉመዋል። ትርጉሞቹ የቃል ሽግግር ሳይሆኑ የአማርኛ ቋንቋ የቱን ያህል ክብደት መሸከም እንደሚችል የተፈተነባቸው ሥራዎች ነበሩ። በእንግሊዝኛ ደግሞ ቴዎድሮስን፣ እ.አ.አ. በ1965 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት የታተመውንና በኦዳ ዛፍ ሥር የሚፈጸመውን የኦዳ ኦክ ኦራክልን፣ ቀጥሎም የአክሱምን ዘመን የሚያነሣውን የኮሊዥን ኦቭ አልታርስን ደርሰዋል።

በሥነ ግጥም በኩል እሳት ወይ አበባ በሚል ርእስ በ1966 ዓ.ም. የታተመው መድበላቸው በአማርኛ ግጥም ታሪክ ውስጥ ልዩ ስፍራ ይዟል። በዚህ መድበል ውስጥ ከተወለዱበት አካባቢ ብዙም ሳይርቅ ተነሥቶ፣ የአርሲን ሰሜናዊ ወሰን ታክኮ፣ ባሕር ሳይደርስ በበረሃ የሚቀረው የአዋሽ ወንዝ ራሱን የቻለ ግጥም አግኝቷል። ስምንት ስምንት ቀለም ባላቸው ሐረጎች የሚሄደው የስንኝ አመታታቸው ዛሬ በሥነ ግጥም ትምህርት የጸጋዬ ቤት እየተባለ ይጠራል። የአንድ ሰው ስም ለስንኝ መለኪያ መጠሪያ ሲሆን ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነገር አይደለም።

እ.አ.አ. በ1966፣ በሠላሳ ዓመት ዕድሜያቸው ገደማ፣ በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተቀበሉ። ይህን ሽልማት ካገኙት ሁሉ በዕድሜ ትንሹ እርሳቸው ነበሩ። በዳካርና በአልጀርስ በተካሄዱ የአፍሪካ የባህል መድረኮችም ተሳትፈዋል። የጥንታዊት ግብጽን፣ የኩሽንና የኢትዮጵያን የባህል ትስስር በሚመለከት ያካሄዱት ጥናትም ከዚህ ዘመን ጀምሮ እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ አብሯቸው የቆየ ጉዳይ ነው።

አብዮቱ በፈነዳባቸው ወራት ሀሁ በስድስት ወር የተባለው ተውኔታቸው መድረክ ላይ ሲቀርብ አዳራሾች ሞልተው ይፈሱ ነበር። በዚሁ ጊዜ ለአጭር ወራት በባህል ሚኒስቴር በከፍተኛ ኃላፊነት አገልግለዋል። ይሁን እንጂ በ1967 ዓ.ም. ለእስር ከተዳረጉት ምሁራን አንዱ ሆኑ። ከእስር ከወጡ በኋላም ብዕራቸውን አልጣሉም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል ሲቋቋም ድርሻቸው ከፍተኛ ነበር። ዛሬ በየክልሉ የባህል ቢሮዎች፣ በየቴአትር ቤቱና በየመገናኛ ብዙኃኑ የሚሠሩ ብዙ ባለሙያዎች የዚያ ክፍል ፍሬዎች ናቸው።

ጸጋዬ አጥብቀው ከያዟቸው የአደባባይ ጉዳዮች አንዱ በፋሺስት ወረራ ዘመን፣ እ.አ.አ. በ1937፣ ወደ ሮም የተወሰደው የአክሱም ሐውልት መመለስ ነበር። ሐውልቱ ከአገሩ ውጪ መቆሙ የአገር ክብር ጉዳይ መሆኑን በጽሑፍም በንግግርም ከሚያስገነዝቡት ግንባር ቀደሞች መካከል ነበሩ። ሐውልቱን ወደ አገሩ እንዲመለስ የጠየቁት ሰው ራሳቸው ከአገር ርቀው መኖር ግድ የሚሆንባቸው ቀን እየቀረበ ነበር።

በስድሳዎቹ ዕድሜያቸው መጀመሪያ ኩላሊታቸው ደከመ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት የዚህን አካል ሥራ ማወቅ ያስፈልጋል።

ጤናማ ሰው ከጀርባው በኩል፣ ከጎድን አጥንቶቹ በታችኛው ክፍል አካባቢ፣ የጭብጥ ያህል መጠን ያላቸው ሁለት ኩላሊቶች አሉት። በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ ሚሊዮን ገደማ ጥቃቅን ማጣሪያዎች ይገኛሉ። እነዚህ ማጣሪያዎች በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም አጣርተው አብዛኛውን ወደ ሰውነት ይመልሳሉ፤ ቆሻሻውንና ትርፉን ውኃ ብቻ በሽንት መልክ ያስወጣሉ። ኩላሊት ከዚህ ሌላ የደም ግፊትን ይቆጣጠራል፣ ቀይ የደም ሕዋሳት እንዲመረቱ መልእክት ይልካል፣ አጥንት እንዲጠነክርም ይረዳል። በመሆኑም ኩላሊት ሲደክም የሚጎዳው ሽንት ብቻ አይደለም። ግፊት ይጨምራል፣ ደም ያንሳል፣ አጥንት ይሳሳል፣ መርዝ በደም ውስጥ ይጠራቀማል።

የኩላሊት መድከም ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው በድንገት የሚከሰት ሲሆን በከባድ ተቅማጥ፣ በደም መፍሰስ፣ በወባ፣ በኢንፌክሽን ወይም በመድኃኒት ጉዳት ሊመጣ ይችላል። ይህ በጊዜ ከታከመ ኩላሊቱ ወደ ሥራው የመመለስ ዕድል አለው። ሁለተኛው ዓይነት ለወራትና ለዓመታት ቀስ እያለ የሚሄድ ነው። ዋነኞቹ መንስኤዎች የስኳር በሽታና የደም ግፊት ሲሆኑ፣ የኩላሊት ማጣሪያዎች ብግነት፣ የሽንት መተላለፊያ መዘጋትና በዘር የሚተላለፉ ሕመሞችም ይጠቀሳሉ። በዚህ መንገድ የጠፋ የኩላሊት አቅም አይመለስም። ሕክምናው የቀረውን ማቆየት ነው።

በአገራችን ብዙ ሰው ጎኑን ሲወጋው ኩላሊቴን አመመኝ ይላል። ያ ሕመም ብዙ ጊዜ የጠጠር፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ወይም የጡንቻ ነው። እየደከመ ያለ ኩላሊት ግን አብዛኛውን ጊዜ አያምም። የእግርና የፊት እብጠት፣ አረፋ የበዛበት ሽንት፣ የማይለቅ ድካም፣ ማቅለሽለሽ፣ ማሳከክና የትንፋሽ ማጠር ሲታይ ጉዳቱ ብዙ ርቆ ሄዶ ሊሆን ይችላል። በመሆኑም ሰው ሕመም እስኪሰማው ቢጠብቅ ዘግይቶ ይደርሳል። ቀድሞ የሚያሳውቀው በደም ውስጥ ያለውን የክሬያቲኒን መጠንና በሽንት ውስጥ የወጣውን ፕሮቲን መመርመር ነው።

ሐኪሞች ከክሬያቲኒን ውጤት ተነሥተው የኩላሊትን የማጣራት አቅም ያሰላሉ። አቅሙ ለሦስት ወራትና ከዚያ በላይ ከ60 በታች ከሆነ ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም አለ ይባላል። ከ15 በታች ሲወርድ ደግሞ ኩላሊቱ ሥራውን አቁሟል ማለት ነው። እዚህ ደረጃ የደረሰ ሰው ያለው ዋነኛ አማራጭ ሁለት ነው። አንደኛው የኩላሊት እጥበት፣ ሁለተኛው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ነው።

ሁለቱም ሕክምናዎች ለሰው ልጅ የደረሱት በቅርብ ዘመን ነው። ሆላንዳዊው ሐኪም ቪለም ኮልፍ በጦርነት መካከል፣ እ.አ.አ. በ1943፣ የመጀመሪያውን የእጥበት መሣሪያ ሠርተው በታማሚ ላይ ሞከሩ። አሜሪካዊው ቤልዲንግ ስክሪብነር እ.አ.አ. በ1960 አንድን ታማሚ በተደጋጋሚ ማጠብ የሚያስችል የደም ሥር መስመር በሲያትል ሥራ ላይ አዋሉ፤ በዚህም እጥበት የጥቂት ቀናት ማስታገሻ መሆኑ ቀርቶ የዓመታት ሕይወት ሰጪ ሆነ። ጆሴፍ መሪም እ.አ.አ. በ1954 በቦስተን ከመንትያ ወንድም የተወሰደ ኩላሊት በተሳካ ሁኔታ ተከሉ። አሜሪካ እ.አ.አ. በ1972 ባወጣችው ሕግ ኩላሊታቸው ሥራ ያቆመባቸውን አብዛኞቹን ዜጎቿን የእጥበት ወጪ በመንግሥት የጤና መድህን እንዲሸፈን አደረገች።

በኢትዮጵያ ግን ሎሬት ጸጋዬ በታመሙበት በ1990 ዓ.ም. ዘላቂ የእጥበት አገልግሎት አልነበረም። ሐኪሞቹ ሕመሙን መለየት አልተሳናቸውም፤ የጎደለው መሣሪያው፣ ግብዓቱና የሠለጠነው ቡድን ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ለታማሚው ሁለት መንገድ ብቻ ይቀራል። አንዱ በአገር ቆይቶ የቀረውን ጊዜ መቁጠር ነው። ሌላው መሰደድ ነው። ከአምቦ እስከ አዲስ አበባ፣ ከመንዝ እስከ አርሲ ያለውን የአገራቸውን ሕዝብ አነጋገር የብዕራቸው ጥሬ ዕቃ ላደረጉት ባለቅኔ ሁለተኛው መንገድ ምን ያህል ከባድ እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። ቢሆንም ለመኖር ወደ ኒውዮርክ አመሩ፤ መኖሪያቸውንም በማንሃታን አደረጉ።

በእጥበት የሚኖር ሰው ኑሮ በመሣሪያው የጊዜ ሰሌዳ የታጠረ ነው። በተለመደው አሠራር ታማሚው በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ አራት ሰዓት ያህል፣ ደሙ ከሰውነቱ ወጥቶ በመሣሪያው ተጣርቶ ይመለስለታል። በዓመት 156 ጊዜ፣ ከ600 ሰዓት በላይ ማለት ነው። ጨውና ውኃ ይመጠናሉ፣ እንደ ሙዝና ድንች ያሉ ፖታሲየም የበዛባቸው ምግቦች በሐኪም ምክር ይወሰናሉ። አንድ ሁለት ቀጠሮ ማለፍ ለሕይወት አስጊ ስለሆነ ረጅም ጉዞ የማይታሰብ ነው። ሎሬቱ ወደ አገራቸው ተመልሰው ለመኖር የሚያስችላቸው ሁኔታ ያልተፈጠረውም በዚሁ ምክንያት ነበር። ወደ አገር መመለስ ማለት ከመሣሪያው መለየት ማለት ነበር።

ያም ሆኖ በኒውዮርክ ሳሉ ከኢትዮጵያ ጉዳይ አልራቁም። የአክሱም ሐውልት በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ሲመለስ ይህን የምሥራች ለመስማት በቅተዋል። ሐውልቱ ከ68 ዓመታት የባዕድ አገር ቆይታ በኋላ በአክሱም ምድር ሲያርፍ፣ ስለ መመለሱ ሲሟገቱ ከኖሩት አንዱ ግን በማንሃታን የሕክምና ቀጠሮ ላይ ነበሩ።

ከአሥር ወራት በኋላ፣ የካቲት 18 ቀን 1998 ዓ.ም.፣ ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን በተወለዱ በ69 ዓመታቸው በኒውዮርክ አረፉ። አስከሬናቸው ወደ አገራቸው መጥቶ በአዲስ አበባ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የቀብር ሥነ ሥርዓታቸው ተፈጽሟል። በሕይወት ሳሉ ሊመለሱባት ያልቻሏት አገር ከሞቱ በኋላ በክብር ተቀበለቻቸው።

እርሳቸው ከአገር ከወጡ በኋላ የኢትዮጵያ የኩላሊት ሕክምና በአዝጋሚም ቢሆን ተለውጧል። በ1990ዎቹ አጋማሽ በአዲስ አበባ በግል ሆስፒታል ዘላቂ የእጥበት አገልግሎት መሰጠት ጀመረ። ክፍያው ግን ከብዙኃኑ አቅም በላይ ነበር። ቀጥሎም እንደ ዳግማዊ ምኒልክና ዘውዲቱ መታሰቢያ ያሉ የመንግሥት ሆስፒታሎች አገልግሎቱን ጀመሩ፤ በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በጅማና በሐዋሳ የመሳሰሉ ከተሞችም ተከተሉ። የታማሚዎችን ወጪ ለማገዝ የተቋቋሙ የበጎ አድራጎት ማኅበራት ለብዙዎች እስትንፋስ ሆነዋል።

ከሁሉ የላቀው እርምጃ በመስከረም 2008 ዓ.ም. የታየው ነው። በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ከአሜሪካው የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በአገሪቱ የመጀመሪያውን የኩላሊት ንቅለ ተከላ ማዕከል ከፈተ። ኩላሊቱ የሚገኘው በሕይወት ካለ የቅርብ ዘመድ ነበር። ከዚህ ጎን ለጎን የኩላሊት ንዑስ ስፔሻሊስቶችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን ተጀምሯል። ሎሬቱ በ1990 ዓ.ም. ያጡት ሐኪም፣ መሣሪያና ማዕከል ዛሬ በቁጥር ጥቂት ቢሆኑም በአገር ውስጥ አሉ።

ለበቆጂ ነዋሪ ጥያቄው እንግዲህ እንዴት ይደረስባቸዋል የሚለው ነው። መንገዱ የሚጀምረው አዲስ አበባ ሳይሆን በቅርብ ጤና ጣቢያ ነው። የደም ግፊት መለካት፣ የስኳር ምርመራና የሽንት ምርመራ በጤና ጣቢያ ደረጃ የሚሠሩ ናቸው። አጠራጣሪ ነገር ከታየ ታማሚው በሪፈራል ወረቀት ወደ ከተማዋ ሆስፒታል፣ ከዚያም በአርሲ ዩኒቨርሲቲ ሥር ወደሚገኘው የአሰላ ሪፈራልና ማስተማሪያ ሆስፒታል ይሄዳል። በዚያ የሚያገኘው የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ብዙውን የኩላሊት ሕመም የማከምና የመከታተል ብቃት ያለው ባለሙያ ነው። የኩላሊት ንዑስ ስፔሻሊስት ማየት ካስፈለገም ወደየትኛው ሆስፒታልና በየትኛው ቀጠሮ መሄድ እንደሚገባ የሚያመለክተው ይኸው ሐኪም ነው።

ብዙዎች የሚሳሳቱበት አንድ ነጥብ አለ። ጠጠር ለማውጣት፣ የፕሮስቴትን ወይም የሽንት መተላለፊያን ችግር በቀዶ ሕክምና ለማከም የሚፈለገው ዩሮሎጂስት የሚባለው ሐኪም ነው። የኩላሊትን የማጣራት ሥራ መድከም የሚከታተለው፣ እጥበትን የሚያዘውና ለንቅለ ተከላ የሚያዘጋጀው ደግሞ ኔፍሮሎጂስት የሚባለው ነው። ይህን ባለማወቅ ከአንዱ ክሊኒክ ወደ ሌላው ሲንከራተቱ ጊዜና ገንዘብ የሚያባክኑ ታማሚዎች ጥቂት አይደሉም። ወደ ልዩ ሐኪም የሚሄድ ሰው የሪፈራል ወረቀቱን፣ ያለፉትን የክሬያቲኒን ውጤቶች፣ የአልትራሳውንድ ምርመራውንና የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ይዞ ቢቀርብ ተመሳሳይ ምርመራ እንደገና ከመክፈል ይድናል። የጤና መድህን አባል የሆነም የትኛው አገልግሎት እንደሚሸፈንለት ከመጓዙ በፊት ቢጠይቅ ይበጃል።

የቀረው ሥራ ግን ቀላል አይደለም። በሳምንት ሦስት ጊዜ እጥበት የታዘዘለት የበቆጂ ሰው አገልግሎቱን የሚያገኘው በአዲስ አበባ ብቻ ቢሆን በሳምንት ከ1 ሺህ 200 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ይኖርበታል። ይህ ለማንም ጤነኛ የማይቻል ስለሆነ ታማሚው ቤቱን ዘግቶ፣ ሥራውን ትቶ፣ በከተማ ቤት ለመከራየት ይገደዳል። ሎሬት ጸጋዬ ለሕክምና ሲሉ አገራቸውን ለቀዋል። የዛሬው ታማሚ ቀዬውን ይለቃል። ርቀቱ አጠረ እንጂ ስደቱ ፈጽሞ አልቀረም።

በመሆኑም ጉዳዩ የጤና ባለሙያዎች ብቻ አይደለም። የእጥበት ማዕከል በዞን ከተሞች እንዲከፈት በጀት የሚይዘው፣ ለመሣሪያው የማይቋረጥ ንጹሕ ውኃና ኤሌክትሪክ የሚያቀርበው፣ የግብዓት ግዢን የሚያፋጥነው፣ የታመመ ባልደረባውን ፈቃድና ዝውውር የሚወስነው የመንግሥት ሠራተኛና ኃላፊ ነው። አንድ የግዢ ሰነድ በጠረጴዛ ላይ ሲዘገይ በእጥበት ወንበር ላይ የሚጠብቅ ሰው እንዳለ ማስታወስ ያስፈልጋል።

የመሥሪያ ቤት ሠራተኛው ለራሱም የሚያደርገው አለ። ረጅም ሰዓት ተቀምጦ የሚሠራ፣ ዕድሜው ከአርባ ያለፈ፣ ግፊት ወይም ስኳር ያለበት ወይም በቤተሰቡ የኩላሊት ሕመም የታየበት ሰው ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ግፊቱን፣ ስኳሩን፣ ሽንቱንና ክሬያቲኒኑን መመርመር ይገባዋል። የታዘዘለትን የግፊትና የስኳር መድኃኒት ተሻለኝ ብሎ ማቋረጥ የለበትም። እንደ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎችን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ መውሰድ፣ መጠናቸው ያልታወቀ የባህል መድኃኒቶችን መጠጣትም ኩላሊትን ይጎዳል። ጨው መቀነስ፣ ሲጋራ መተውና እንደ በቆጂ ልጆች በእግር መንቀሳቀስ ወጪ የማይጠይቁ መከላከያዎች ናቸው።

ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ለአገራቸው የተዉት ቅርስ በየመድረኩ፣ በየመማሪያ ክፍሉና በየመጻሕፍት ቤቱ ይገኛል። በስማቸው ጉባኤ ማካሄድና ሥራዎቻቸውን ማሳተም ተገቢ ነው። ከዚህ ጎን ግን የሕይወታቸው የመጨረሻ ስምንት ዓመታት የሚያስታውሱን ሌላ ዕዳ አለ። ከቦዳም ይሁን ከበቆጂ የተነሣ ታማሚ፣ ባለቅኔም ይሁን ገበሬ፣ ከቤቱና ከቤተሰቡ ሳይለይ የሚታከምባት አገር ስትኖር ያ ዕዳ ተከፈለ ማለት ይቻላል።